የጥንት ዕቃ በገማቾች ፊት

በአሜሪካ አገር የቦስተን ከተማ የሕዝብ ቴሌቪዥን ጣቢያ የሚያዘጋጀው «አንቲክስ ሮድሾው» የሚባል ትርኢት አለ። ስሙ ወደ ቋንቋችን ቢመለስ የጥንታዊ ዕቃ ተዘዋዋሪ ትርኢት እንደ ማለት ነው። መሠረቱ ከእንግሊዝ አገር ሲሆን፤ በዚያ እንደ ኤውሮጳ አቈጣጠር በ1979 ዓ.ም. መታየት ዠመረ፤ አሜሪካኖችም አብነቱን ወስደው በ1997 ዓ.ም. ለሕዝባቸው አሳዩት። (ከዚህ በታች የሚጻፈውም ዘመን፤ ስለ አገራችን አዋጅ ከሚነገረው በቀር፤ እንደ ኤውሮጳ አቈጣጠር ነው።) ሰው ከአያት ከቅድመ አያቱ የወረሰውን ወይም ከገበያ የገዛውን አሮጌ ዕቃ ይዞ ይመጣል፤ ዐዋቂውም መርምሮ መቼና በማን እንደ ተሠራ፤ ምን ያህል ገንዘብም እንደሚያወጣ ይነግረዋል። ተመልካች በቤቱ ተቀምጦ የሚያየው ይህን ብቻ ነው። እኛ ግን ዛሬ የምንጽፈው ከመጋረጃው በስተኋላ ስለሚደረገው ነው።

ትርኢቱ በያመቱ ከከተማ ወደ ከተማ ይዞራል። መግባት የሚፈልገው ሰው እጅግ ብዙ ስለ ሆነ የመግቢያው ወረቀት በዕጣ ይታደላል፤ ዕጣ የወጣለትም ሰው ኹለት ዕቃ ይዞ እንዲመጣ ይፈቀድለታል። በትልልቅ አዳራሾች ይደረግ በነበረበት ጊዜ በአንድ ቀን ወደ 5 ሺሕ የሚጠጋ ሰው ይሰበሰብ ነበር፤ ከ2018 ዓ.ም. ወዲህ ግን በታሪካውያን ቤቶችና በአትክልት ቦታዎች ማድረግ ተለምዷል። በበሩ ላይ የሚቀበሉት ሰዎች ዕቃውን አይተው ሥዕሉን ከሥዕል፤ ጌጡን ከጌጥ፤ የጦር መሣሪያውን ከጦር መሣሪያ ይለያሉ። ባለ ዕቃውም የክፍሉ ስም የተጻፈበትን ወረቀት ተቀብሎ ወደ ሰልፉ ይሄዳል፤ ሰልፉም ብዙ ሰዓት ይፈጃል። አንዱ የግድግዳ ሰዓት በብርድ ልብስ ጠቅሎ ታቅፏል፤ ሌላው ወንበር በጋሪ ይገፋል። ገማቾቹ ሰብዓ ያህል ይሆናሉ።

ዋናው ምስጢር ከዚህ በኋላ ነው። ገማቹ የሚያስደንቅ ዕቃ ሲቀርብለት አድናቆቱን በፊቱ ላይ አያሳይም። ጥቂት ጥያቄ ጠይቆ ባለ ዕቃውን «አንድ ጊዜ ይታገሡኝ» ይለውና ወደ አዘጋጁ ሄዶ ጕዳዩን ያስረዳል። አዘጋጁ የፈቀደ እንደ ሆነ ባለ ዕቃው ተለይቶ ይቀመጣል፤ ፊቱ በመብራት እንዳያብለጨልጭ ዱቄት ይነሰነስለታል፤ ተራውንም ይጠብቃል። በዚህ ሁሉ ጊዜ ዋጋውን የሚነግረው ሰው የለም። ዋጋውን መዠመሪያ የሚሰማው ከማንሻው መሣሪያ ፊት ቆሞ ነው። በአንድ ከተማ ከሚቀርበው ብዙ ሺሕ ዕቃ መካከል ለዚህ የሚመረጠው 150 ያህል ብቻ ነው።

ይህ መደበቅ ነውር ነውን? የሚደብቀው ሰው በመደበቁ የሚያተርፈው ነገር ከሌለ ነውር አይደለም። ገማቾቹ ለሥራቸው ደመወዝ አይቀበሉም፤ የመንገዳቸውንም ወጪ ራሳቸው ይችላሉ። ነገር ግን ከእነርሱ ብዙዎቹ በጥንት ዕቃ የሚነግዱ ወይም በሐራጅ ቤት የሚሠሩ ናቸው፤ በዚህ ትርኢት መታየትም ስም ያስገኝላቸዋል። ለነጋዴ ደግሞ ስም ከደመወዝ ይበልጣል። ስለዚህ የሚያውቀው ሰው የማያውቀውን ሰው ዕቃ በእጁ ይዞ በሚቆምበት በዚያች ሰዓት የትርኢቱ ክብር ሁሉ በገማቹ ታማኝነት ላይ የተንጠለጠለ ነው።

በ2001 ዓ.ም. በቱሳን ከተማ አንድ ሽማግሌ በቤቱ በወንበር መደገፊያ ላይ ተጥሎ የኖረ ብርድ ልብስ ይዞ መጣ። ገማቹ አይቶ፤ ናቫሆ የሚባሉት የአሜሪካ ነባር ሕዝብ በ19ኛው መቶ ዓመት ለአለቆች የሠሩት መሆኑን ዐወቀ፤ ዋጋውንም ከ350 ሺሕ እስከ 500 ሺሕ ዶላር ገመተው። ሽማግሌው እንባው መጣ። በቤተ ሰቡ ዘንድ ብርድ ልብሱን የሰጠው በምዕራቡ በረሃ ስመ ጥር የነበረው ኪት ካርሰን ነው የሚል ወሬ ነበረ፤ ገማቹም ይህ በማስረጃ ቢረጋገጥ ዋጋው ከዚህም እንደሚጨምር ነገረው። ዛሬ ብርድ ልብሱ በዲትሮይት ከተማ ቤተ መዘክር ይገኛል። እስቲ ያ ሽማግሌ ወደዚያ ትርኢት ሳይሄድ፤ ዐውቆ ዝም በሚል ነጋዴ እጅ ወድቆ ቢሆን ኖሮ ስንት ዶላር በተሰጠው!

እንዲህ ያለውም ነገር ደርሷል። የጦር መሣሪያ ገማቾች የነበሩ ኹለት ሰዎች በ1997 ዓ.ም. አንድ ሰው አስጠንተው ሰይፍ አስያዙት፤ ሰውዬውም በልጅነቱ በዚያ ሰይፍ ከርቡሽ ይቈርጥ እንደ ነበረ አወራ፤ እነርሱም እንደ አዲስ ነገር ተደነቁ። ነገሩ ከተገለጠ በኋላ በ2000 ዓ.ም. ከትርኢቱ ተባረሩ። ከዚህ የከፋው ግን ከትርኢቱ ውጭ የተሠራው ነው። ከእነርሱ አንደኛው የጄኔራል ጆርጅ ፒኬት ወራሾች የነበራቸውን የጦርነት ቅርስ በ87,500 ዶላር ገዝቶ፤ ለሃሪስበርግ ከተማ ቤተ መዘክር በ880 ሺሕ ዶላር ሸጠው። በ2002 ዓ.ም. በፍርድ ቤት እስራት ተፈረደበት። ወራሾቹ ያመኑት ስሙን ሰምተው ነው።

ስሕተት ግን ከተንኰል ሊለይ ይገባዋል። በ2016 ዓ.ም. በታየው አንድ ክፍል፤ የሰው ፊት የተቀረጸበትን የሸክላ ገንቦ አንድ ገማች መቶ ዓመት ያለፈው መስሎት እስከ 50 ሺሕ ዶላር ገመተው። ትርኢቱን ያየች አንዲት ሴት ግን ገንቦው በ1970ዎቹ ዓመታት በኦሪገን አንዲት ተማሪ በትምህርት ቤት የሠራችው መሆኑን አስታወቀች። ገማቹ ሳይከራከር ስሕተቱን አመነ፤ አዘጋጆቹም ግምቱን ዝቅ አድርገው እርማቱን ለሕዝብ ገለጡ። እኛ ከማይሳሳት ገማች ይልቅ እንዲህ ያለውን እናምነዋለን።

ለባለ ቤቶች የሚጠቅመውም የገማቹ የመዠመሪያ ጥያቄ ነው። «ስንት ነው የገዛኸው?» አይልም፤ «ከማን አገኘኸው?» ይላል። በ1997 ዓ.ም. አንዲት ጡረታ የወጣች መምህርት በ25 ዶላር የገዛችውን ጠረጴዛ ይዛ ቀረበች። በጠረጴዛው ሥር የቦስተኑ ጠራቢ የጆን ሲሞርና የልጁ ስም ያለባት ትንሽ ወረቀት ተለጥፋ ነበር። በሚቀጥለው ዓመት ጠረጴዛው በሐራጅ 541,500 ዶላር አወጣ። ያችን ወረቀት አንድ ትጉህ አሽከር አሮጌ እድፍ መስላው ፍቆ ጥሏት ቢሆን፤ ጠረጴዛው እንዲህ ያለ ዋጋ ባላገኘም ነበር።

«ከማን አገኘኸው?» የሚለው ጥያቄ የኛንም አገር ይነካል። በ1868 ዓ.ም. ከመቅደላ የተዘረፈው ዕቃ በእንግሊዝ ቤተ ሰቦች ዘንድ ከአባት ወደ ልጅ ሲተላለፍ ኖሯል። በሰኔ ወር 2021 ዓ.ም. ከዚሁ ጥቂቱ በዶርሴት አውራጃ ለሐራጅ ሊቀርብ ሲል፤ በሎንዶን ያለው ኤምባሲያችን ስለ ጠየቀ ከሐራጅ ወጣ፤ በዚያው ዓመት በመስከረም ለኤምባሲው ተሰጠ። በኛም ቤት ያለው የብራና መጽሐፍ፤ የብር መስቀል፤ የአባት ጋሻና ለምድ ከማን ለማን እንደ ተላለፈ የሚያውቁት አብዛኛውን ጊዜ አንዲት አሮጊት ብቻ ናቸው። እርሳቸው በሕይወት ሳሉ ቃላቸውን በወረቀት ጽፎ፤ ቀኑንና የተናጋሪዋን ስም አኑሮ ከዕቃው ጋር ማስቀመጥ ወጪው የአንድ ወረቀትና የጥቂት ቀለም ነው። ቅርስ ከአገር እንዳይወጣ የሚከለክለው የ1992 ዓ.ም. አዋጅ ቍጥር 209 ቅርስ እንዲመዘገብም ያዝዛልና፤ ለመዝጋቢው የሚነገረው ታሪክ ከዚያ ወረቀት ይወሰዳል።

ወደ ትርኢቱ ስንመለስ፤ ከሚመጣው ሕዝብ የሚበዛው ዕቃው የጥቂት ዶላር መሆኑን ሰምቶ የሚሄድ ነው። ለእነርሱም በመውጫው በር አጠገብ፤ ያሰቡትን በማንሻው መሣሪያ ፊት የሚናገሩባት ትንሽ ክፍል ተዘጋጅታላቸዋለች። በዚያ ቆመው የሰሙትን ዋጋ እየሳቁ ያወራሉ፤ ከዚያም ዕቃቸውን ዳግመኛ ጠቅለው ወደ ቤታቸው ይሄዳሉ።