መሬቱን ራቁቱን ለሐምሌ አትስጡት

እኩዮቼ፣ ከላፍቶ እስከ ሐና ማርያም፣ ከለቡ እስከ ጀሞ በየግቢያችሁ ያላችሁ አባቶችና እናቶች፤ ይህን ቃል ከልጆቻችን አስቀድሜ ለእናንተ የምናገረው በምክንያት ነው። በቤተሰብ ግቢ ውስጥ ያለ እኛ ፈቃድ ዛፍ አይቆረጥም፤ አጥር አይነሣም፤ አፈር አይደለደልም። ልጆች ሰርቪስ ቤት ሠርተው ሊያከራዩ ሲያስቡ የሚያማክሩት እኛን ነው። ዶማና ገጀራ ይዞ የመጣው የቀን ሠራተኛም «የቱ ይነሣ?» ብሎ የሚጠይቀው እኛን ነው። ከዚያ ግቢ ጎርፍ ወጥቶ ሰው ቢጎዳ ደግሞ ጥያቄው የሚመጣው ወደ ማን እንደሆነ ታውቁታላችሁ።

ግንቦት ሲጋመስ ግቢ ማስጠረግ እንጀምራለን። ሣሩ ይላጫል፤ ቁጥቋጦው ከነሥሩ ይነቀላል፤ ጉቶው ይቆፈራል፤ ጥጉ ላይ የነበረው ግራዋና ጌሾ ለአዲስ ክፍል ቦታ ይለቃል። ክረምት ሊገባ ጥቂት ሳምንታት ሲቀሩት መሬቱን ራቁቱን አድርገን ለሐምሌ እናስረክበዋለን። ይህ ልማድ አደገኛ ነው፤ ይቅር።

የምንኖርበትን ቦታ አስቡ። የእንጦጦ ተራራ ከባሕር ወለል በላይ ከ3,000 ሜትር ያልፋል፤ እኛ ያለነው ከእርሱ ብዙ መቶ ሜትሮች ዝቅ ብለን በአዲስ አበባ ደቡብ ነው። የትንሹ አቃቂ ወንዝ የምዕራቡን ሰፈር ውሃ ሰብስቦ በመካኒሳና በላፍቶ በኩል ወደ አባ ሳሙኤል ሐይቅ ይወርዳል። ከተማዋ በዓመት 1,200 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ ታገኛለች፤ አብዛኛው የሚወርደው በክረምት ሲሆን፣ የሚበረታው በሐምሌና በነሐሴ ነው።

በዚህ ላይ ብዙዎቻችን የተቀመጥንበት አፈር መረሬ ነው። በበጋ ይሰነጠቃል። የመጀመሪያዎቹን ዝናቦች በስንጥቁ ይውጣቸዋል፤ ከጠገበ በኋላ ግን አብጦ ይዘጋል፤ ከዚያ ወዲያ የሚወርደው ውሃ መግቢያ አጥቶ በላዩ ይሮጣል። ጣሪያችንን ጨምሩበት። መቶ ካሬ ሜትር ቆርቆሮ ላይ 40 ሚሊ ሜትር ዝናብ ቢወርድ 4,000 ሊትር ውሃ ነው፤ ሃያ በርሜል ማለት ነው። የዚያን ውሃ ጉልበት የሚሰብረው ሣርና ሥር ብቻ ነበር። እርሱን ግንቦት ላይ አስነቅለነዋል።

አባቶቻችን ይህን ያውቁት ነበር። ገበሬ ለጤፍ ማሳውን ደጋግሞ አርሶ ያለሰልሳል፤ መሬቱ ለመታጠብ የሚጋለጠውም ያኔ፣ ቡቃያው ገና ሳይሸፍነው ነው። ስለዚህ ወሰኑን በሣር ይተዋል፤ ፈሰሱንም አግድም ያወጣል እንጂ ቁልቁል አይቀድደውም፤ ቁልቁል የተቀደደ ፈሰስ ውሎ አድሮ ቦረቦር ይሆናልና። እንዲህ እየተጠነቀቁም አፈሩ ይሄዳል። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ በአገራችን ደጋዎች የአፈር መሸርሸርን የለካው ስዊዘርላንዳዊው ተመራማሪ ሃንስ ሁርኒ፣ ከአንድ ሄክታር የታረሰ መሬት በዓመት በአማካይ 42 ቶን አፈር እንደሚታጠብ ገምቶ ነበር። ከእኛ ግቢ የሚታጠበው ደግሞ የጎረቤትን ቦይና የመንገዱን ቱቦ ደፍኖ፣ የቀረው አባ ሳሙኤል ድረስ ይወርዳል። ያ ሐይቅ በደለልና በእንቦጭ ምን እንደደረሰበት ያየ ያውቀዋል።

ሌላም ጥፋት አለ፤ እርሱን የምናደርሰው በኅዳር ነው። በ1911 ዓ.ም. የኅዳር በሽታ ከተማዋን ከፈጀ ወዲህ ኅዳር 12 ቀን ግቢ ጠርጎ ጥራጊውን ማቃጠል ልማዳችን ሆኗል። የሞቱትን ማሰብና ቤትን ማጽዳት መልካም ነው። ነገር ግን የዚያን ጊዜ ጥራጊ ቅጠልና ገለባ ነበር፤ የዛሬው ላስቲክ፣ ፌስታልና የፕላስቲክ ዕቃ ነው። ጢሱን የሚተነፍሱት ሕፃናትና እንደ እኛ ደረታቸው የደከመ ሽማግሌዎች ናቸው። ላስቲኩን ለይታችሁ ለቆሻሻ ሰብሳቢዎች ስጡ። ቅጠሉንም አታቃጥሉት፤ በሰኔ መሬታችን የሚያጣው ልብስ እርሱ ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግም በአንቀጽ 1225 ባለ ንብረት ከመልካም ጉርብትና ልክ ባለፈ ጢስና ሽታ ጎረቤቱን እንዳያውክ ይከለክላል።

ከሁሉ የሚያስፈራኝ ግን ዳገት ሥር የሚቆፈረው ነው። ቦታ ለማስፋት የዳገቱን እግር እንቆርጣለን፤ የተቆፈረውን አፈር ወንዝ ዳር እንደፋለን፤ የድጋፍ ግንቡን «ለመስከረም» እናቆየዋለን። ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም. በደቡብ ኢትዮጵያ ክልል በጎፋ ዞን የሆነውን አትርሱ። በከባድ ዝናብ የራሰ ተራራ ተንዶ ቤተሰቦችን ቀበረ፤ እነርሱን ለማውጣት የተሰበሰበውን ጎረቤት ደግሞ ሁለተኛው ናዳ ጨመረው። ከ220 በላይ ሰው አለቀ። እዚሁ አጠገባችን በቆሼም መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. የተከመረ ቆሻሻ ተንዶ ከ110 በላይ ሰው ሞቷል፤ ያውም የሐምሌ ዝናብ ሳይመጣ። የተከመረ ነገር ወቅት አይጠብቅም። የእኛ ዳገት ከጎፋው ቢያንስ፣ ከሥሩ የምትተኛ ተከራይና ልጆቿን ለመቅበር አያንስም።

እንግዲህ የምለምናችሁ ይህን ነው። ትልቁን ጥረጋና ቆፈራ ዝናቡ ካባራ በኋላ ከጥቅምት ጀምሩት፤ የጀመራችሁትንም ከሚያዝያ በፊት ጨርሱት። በግንቦት ቦይ መጥረግና አሸንዳ ማስተካከል ይበቃል። ሣር ይታጨድ እንጂ አይነቀል። ዳገት ላይ ባሕር ዛፍ ብትቆርጡ ጉቶውን ተዉት፤ ሥሩ አፈሩን ይዞ ይቆያል፤ እርሱም መልሶ ያቆጠቁጣል። የአሸንዳውን ውሃ ወደ ሮቶ ወይም ወደ በርሜል አግቡት፤ የተረፈውንም ድንጋይ በተነጠፈበት ቦይ ምሩት እንጂ በጎረቤት አጥር ሥር አትልቀቁት። የተቆረጠ ዳገት ካላችሁ ባለሙያ አይቶት፣ ውሃ ማስወጫ ያለው የድጋፍ ግንብ ሳይቆም ክረምት አይግባበት። ካልደረሰላችሁ ከሥሩ ያለውን ክፍል ለክረምቱ አስለቅቁ። የቤት ኪራዩ ይቅር። በዝናብ ወራትም የማንንም ልጅ ለቆፈራ ብላችሁ ዳገት ሥርና ጥልቅ ጉድጓድ ውስጥ አታስገቡ፤ እንጀራ ፍለጋ ከሩቅ አገር የመጣው ወጣት እናት አለችው።

ይህ በአንድ ግቢ ብቻ የሚፈጸም አይደለም፤ ውሃ የካርታ ድንበር አያውቅምና። ስለዚህ በዕድራችን ስብሰባ ላይ ከመዋጮው ጉዳይ በፊት ይነሣ። ላይ ያለው ታች ያለውን «ውሃዬ በየት ይሂድልህ?» ብሎ ይጠይቅ፤ ቦዩንም አብረው ይጥረጉ። ዕድራችን ሬሳ ሲነሣ ድንኳን ከመትከል አልፎ ሰው ሳይሞት የሚያተርፍ ሥራ መሥራት ይችላል፤ ጉልበቱም ሰውም አለው። ትእዛዝ የመስጠት ሥልጣኑ በእጃችን ሳለ እናድርገው። አደራ!