ፀሐይ ለጥቁር ቆዳም አታዝንም

ባለፈው ከቅዳሴ በኋላ ሻይ ስንጠጣ አንዲት እኅታችን ነጠላዋ አንገቷን ሲነካት ጮኸች። በእኩለ ቀን ጣራ ላይ ምንጣፍ ስታጥብ ውላ አንገቷና ትከሻዋ ውኃ ቋጥሯል። የጥርስ ሳሙና ቀብታበታለች። «የሐበሻ ቆዳ በፀሐይ ይቃጠላል ብዬ አላሰብኩም» አለችን።

እንዲህ የምናስብ ብዙዎች ነን፤ ነገር ግን ስሕተት ነው። ጥቁር ቆዳ ከነጭ ይልቅ ፀሐይን ይቋቋማል እንጂ ጨርሶ ከመቃጠል አይድንም። መቅላቱ በእኛ ላይ በደንብ ስለማይታይ የምናውቀው ሲግል፣ ሲወጠርና ሲያመን፣ ኋላም ሲላጥ ነው። ፊት የሚያቀላ ክሬም የምትቀቡም ተጠንቀቁ። ብዙዎቹ ቆዳን ለፀሐይ ያጋልጣሉ፤ ሜርኩሪ ያለባቸው ደግሞ ኩላሊት ይጎዳሉ።

የተቃጠለች ቶሎ ጥላ ትግባ። ቆዳውን በቀዝቃዛ ውኃ ታብርደው፤ በረዶ ግን አታስነካው። ውኃ በብዛት ትጠጣ፤ ሕመሙን ፓራሲታሞል ያስታግሰዋል። ውኃ የቋጠረውን አታፍርጠው፤ ቅቤም ሆነ የጥርስ ሳሙና አትቀባው። የሚያስመልሳት፣ የምትዘባርቅ ወይም ራሷን የምትስት ከሆነ ግን በዚያው ሰዓት ሐኪም ቤት ትወሰድ።

ረጅም እጅጌ፣ ሻሽ፣ ቁጥሩ 30 ወይም ከዚያ በላይ የሆነ በየ2 ሰዓቱ የሚቀባ ሰንስክሪን ይጠቅማሉ። ከሁሉ የሚበልጠው ግን ሰዓት መቀየር ነው። እዚህ ኤምሬትስ በየዓመቱ በፈረንጅ ከጁን 15 እስከ ሴፕቴምበር 15፣ በእኛ ሰዓት ከቀኑ 6፡30 እስከ 9፡00፣ የግንባታ ሠራተኛ ፀሐይ ላይ እንዳይሠራ መንግሥት ከልክሏል። የቤት ሠራተኛ የምትተዳደረው በሌላ ሕግ ነው፤ ፀሐዩ ግን ያው አንድ ፀሐይ ነው። ጎልማሳ ወንዶች በሕግ የሚያርፉበትን ሰዓት እኛ «ሰነፍ እንዳይሉኝ» ብለን ጣራ ላይ ማሳለፍ የለብንም።

ልብሱ በማለዳ ቢሰጣም ይደርቃል፤ በረንዳው አመሻሽ ላይ ቢታጠብም ይጸዳል። «መዳም፣ የጣራውን ሥራ በጠዋት ልጨርሰው» ማለት ስንፍና አይደለም፤ ነገም ሠርቶ ለመግባት ነው። እንዲህ ብላችሁ መናገር የከበዳችሁ ወደ እኛ ኑ፤ አብረን እንመክራለን።