ጫካው የሁለቱም ነው፤ መንገድ የሚለቀው ግን ማን ነው?

አሜሪካ ውስጥ በየዓመቱ መጸው ሲገባ አንድ የቆየ ጭቅጭቅ ይነሣል። ጭቅጭቁ በአዳኝና አደንን በሚቃወም ሰው መካከል ቢሆን ማንንም ባልገረመ። ይህኛው ግን አዳኝን ከአዳኝ የሚያጋጭ ነው። በአንድ ወገን ውሻ ይዘው ወፍ የሚያድኑ ሰዎች አሉ፤ በሌላው ወገን ዛፍ ላይ ተቀምጠው አጋዘን የሚጠብቁ። ሁለቱም ከፍለው ፈቃድ አውጥተዋል። የገቡበት ደን የሕዝብ ነው። በሕግ ፊት ሁለቱም ትክክል ናቸው። ጣጣው የሚመጣውም ከዚሁ ነው፤ ሁለት ትክክለኛ ሰዎች አንድ ቦታ ላይ ሲገናኙ ማን ለማን ይለቃል ለሚለው ጥያቄ ሕጉ ብዙም መልስ የለውም።

ነገሩ ከሩቅ ሲያዩት ቀላል ይመስላል። ዊስኮንሲን ውስጥ ያለው የቼኳሜገን-ኒኮሌት ብሔራዊ ደን ብቻውን 1.5 ሚሊዮን ኤከር ወይም 600 ሺህ ሄክታር ገደማ ይሸፍናል። ይህን በሚያህል ጫካ ውስጥ ሁለት ሰዎች ለምን ይጋጫሉ? መልሱ ያለው እንስሳቱ ጋ ነው። የሰሜን አሜሪካ ወፍ አዳኞች አጥብቀው የሚፈልጓት ግራውስ የምትባለው ቆቅ መሰል ወፍ የምትወደው ያረጀ ደን አይደለም። ከተቆረጠ በኋላ እንደገና ጥቅጥቅ ብሎ የበቀለ ወጣት የአስፐን ደን ትወዳለች፤ መደበቂያዋም ምግቧም እዚያ ነው። አጋዘኑም ለምለም ቀንበጥ ፍለጋ ወደዚያው ይመጣል። ስለዚህ ደኑ ሰፊ ቢሆንም ለአደን የሚሆነው ቁራጭ መሬት ጠባብ ነው፤ ሁለቱም ወገኖች ካርታ ላይ ጣታቸውን የሚያሳርፉት ያው ቦታ ላይ ነው።

የአደኑ ዓይነት ደግሞ ፈጽሞ አይገናኝም። አጋዘን የሚያድነው ሰው ሳይነጋ ይነሣል፤ በጨለማ ገብቶ ማማው ላይ ይወጣል፤ ነፋሱ ጠረኑን ወዴት እንደሚወስድበት ያሰላል፤ ከዚያ በኋላ ሥራው ዝም ብሎ መቀመጥ ነው። ለሰዓታት አይንቀሳቀስም። ወፍ የሚያድነው በተቃራኒው ቀኑን ሙሉ ይራመዳል። ውሻው ከፊቱ ወዲያና ወዲህ እየሮጠ ያነፈንፋል፤ የወፏ ሽታ ሲደርሰው ቀጥ ብሎ ይቆማል። በጥቅጥቅ ቁጥቋጦ ውስጥ ውሻው የት እንዳለ እንዲታወቅ አንገቱ ላይ ቃጭል ይታሰርለታል፤ አንዳንዱም ድምፅ የሚያሰማ የኤሌክትሮኒክስ ማሰሪያ ያደርግለታል። ቃጭሉ ለባለ ውሻው የደስታ ድምፅ ነው። ማማ ላይ ለተቀመጠው ሰው ግን ከሌሊቱ ጀምሮ የጠበቀው ነገር ሁሉ ሲፈርስ የሚሰማው ድምፅ ነው።

የሁለቱም ቅሬታ እውነት አለው። አጋዘን አዳኙ በዓመት ያለው ጊዜ አጭር ነው። በዊስኮንሲን ባህላዊው የጠመንጃ አጋዘን አደን 9 ቀን ብቻ ነው፤ ከምስጋና ቀን በፊት ባለው ቅዳሜ ይጀምራል፤ ከግማሽ ሚሊዮን በላይ ሰውም ይወጣበታል። የፋብሪካ ሠራተኛው የዓመት ፈቃዱን ለእነዚህ ቀናት ያስቀምጣል። ብዙ ቤተሰብ የሚያገኘው ሥጋ የክረምት ምግቡ ነው። ባለ ውሻው ደግሞ እንዲህ ይላል፦ ውሻዬን ለማሠልጠን ዓመታት ፈጅቶብኛል፤ ውሻ በጉብዝናው የሚቆየው ጥቂት ዓመት ነው፤ ጫካው የሕዝብ ሆኖ ሳለ ማማ የሰቀለ ሁሉ በዙሪያው ያለውን መሬት የግሉ አድርጎ ሊያየው አይገባም። ይህም ትክክል ነው። በሕዝብ መሬት ላይ መቀመጫ ማኖር የባለቤትነት መብት አያስገኝም።

ሚሺጋን ለዚህ ጠብ ግልጽ መፍትሔ አበጅታለች፤ ጊዜውን ከፍላዋለች። የግራውስ አደን ሴፕቴምበር 15 ይከፈትና ኖቬምበር 14 ይዘጋል። በማግስቱ ኖቬምበር 15 የጠመንጃ አጋዘን አደን ይጀምራል፤ እስከ ኖቬምበር 30 ይቆያል። ዲሴምበር 1 ወፉ እንደገና ይከፈትና እስከ ጃንዋሪ 1 ይዘልቃል። ለ16 ቀናት ጫካው የአጋዘን አዳኞች ነው ማለት ነው። ዊስኮንሲን፣ ሚኒሶታና ሜይን ግን ይህን አላደረጉም፤ እዚያ የወፉና የጠመንጃ አጋዘኑ ወቅት ይደራረባሉ።

በጊዜ መከፋፈሉ ንጹሕ ይመስላል። «ሁሉም ግዛቶች እንደ ሚሺጋን ለምን አያደርጉም?» የሚል ሰው አይጠፋም። ነገር ግን የሚሺጋንን የቀን መቁጠሪያ ቀረብ ብሎ ያየ ሰው ሌላ ነገር ያገኛል። አጋዘን በቀስት የሚታደንበት ወቅት ኦክቶበር 1 ይጀምርና እስከ ኖቬምበር 14 ይሄዳል፤ ከዚያም ዲሴምበር ላይ ይቀጥላል። ይህ ጊዜ ከወፉ ወቅት ጋር ይገጥማል። ኦክቶበር ደግሞ ለውሻና ለወፍ ከዓመቱ ሁሉ የተሻለው ወር ነው። ለቀስተኛውም እንዲሁ፤ ቀስት የሚሠራው በቅርብ ርቀት ስለሆነ ከጠመንጃኛው ይልቅ ጸጥታ የሚያስፈልገው እሱ ነው። መንግሥት ወቅቶቹን ከፋፍሎ እንኳ ዋናው ጭቅጭቅ ባለበት ቀርቷል። ቀን መቁጠሪያው ላይ ለሁሉም የሚበቃ ቀን የለም።

ሕግ የሚያደርገው ሌላም ነገር አለ። በ50ዎቹም ግዛቶች በሕጋዊ መንገድ የሚያድንን ሰው ሆን ብሎ ማደናቀፍ ያስቀጣል። ይሁን እንጂ ውሻውን ይዞ በሕዝብ ደን ውስጥ የሚያልፍ ፈቃድ ያለው ሰው ማንንም ሆን ብሎ አላደናቀፈም። ማማው ሥር ሲደርስ ነው ከላይ ሰው እንዳለ የሚያውቀው። የተበሳጨው አጋዘን አዳኝ ፖሊስ ቢጠራ ፖሊሱ የሚያደርግለት ነገር የለም። ስለዚህ ቀሪው በሰዎቹ መካከል የሚያልቅ ጉዳይ ነው።

ታዲያ ማን ይልቀቅ? ብዙ ጊዜ የሚሰጠው መልስ «ቀድሞ የመጣ» የሚል ነው። ይህ ለመኪና ማቆሚያ ይሆናል፤ ለጫካ ግን አይበቃም፤ ምክንያቱም አንዱ ተቀምጦ ሌላው የሚንቀሳቀስ ነው። የተሻለው መለኪያ ሁለት ጥያቄ መጠየቅ ነው። አንደኛ፣ ቦታውን መቀየር የሚቀለው ለማን ነው? ሁለተኛ፣ ቢሳሳት የማይመለስ ጉዳት የሚያደርሰው ማን ነው? የመጀመሪያው ጥያቄ ባለ ውሻውን ያስገድዳል፤ ሁለተኛው ደግሞ ባለ ጠመንጃውን።

በመጀመሪያው እንጀምር። አጋዘን በዋናነት የሚንቀሳቀሰው ጎሕ ሲቀድና ሲመሽ ነው። ወፍና ውሻ ግን ረፋድ ላይና እኩለ ቀንም ይሠራሉ። ባለ ውሻው ከረፋዱ አራት ሰዓት እስከ ቀኑ ስምንት ሰዓት ድረስ አድኖ ቢወጣ የሚያጣው ጥቂት ነው፤ ማማ ላይ ላለው ሰው ግን የጧቱንና የማታውን ሰዓት በሙሉ ይተውለታል። መግቢያው ላይ የቆመ መኪና ካየ ሌላ መግቢያ ይፈልግ፤ እግር አለው፤ ሌላ ቦታ ቢሄድም ወፍ ያገኛል። ጠመንጃ በሚከፈትበት የመጀመሪያ ቅዳሜና እሑድ ውሻውን ቤት ቢያሳድር ሞት አይደለም። ማማ ላይ ያለው ሰው ግን ለሳምንታት የእንስሳቱን መንገድ አጥንቶ የመረጠውን ቦታ በአንድ ጧት መቀየር አይችልም። ውሻው አጋዘን እንዳያባርር ማሠልጠንም የባለቤቱ ግዴታ ነው፤ አጋዘን የሚያባርር ውሻ በሰሜኑ ግዛቶች ባለቤቱን የሚያስጠይቅ ጥፋት ነው፤ ውሻው ራሱ እንዲገደል የሚፈቅዱ ሕጎችም አሉ።

ሁለተኛው ጥያቄ ከዚህ ይከብዳል። የወፍ አዳኙ ጠመንጃ ጥቃቅን እርሳስ የሚበትን ነው፤ ኃይሉ ከ40 ሜትር በላይ እምብዛም አይሄድም። የአጋዘን ጠመንጃ ጥይት ግን ያለ መከላከያ ከተለቀቀ ከ2 ኪሎ ሜትር በላይ ይጓዛል። በቁጥቋጦ መሐል የሚሮጥ ቡናማ ወይም ነጭ ውሻ ደግሞ በጎሕ ብርሃን ለተጣደፈ ዓይን ብዙ ነገር ይመስላል።

ይህ ፍርሃት ከባዶ የመጣ አይደለም። እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 1988 በሜይን ግዛት ሄርሞን በምትባል ከተማ አንዲት የመንትዮች እናት በገዛ ቤቷ ጓሮ ሳለች አጋዘን በመሰለችው አዳኝ ጥይት ሞተች። ነጭ ጓንት አድርጋ ነበር፤ የዚያ አገር አጋዘን ጅራቱ ሥር ነጭ ነው። ያን ጊዜ ጥፋቱን ወደ ሟቿ ያዞሩ ብዙዎች ነበሩ፤ በአደን ወቅት ብርቱካናማ ልብስ ሳትለብስ ለምን ወጣች አሉ። ተኳሹ በ1990 በዳኞች ጉባኤ ነጻ ወጣ። ግዛቲቱ ግን ከዚያ በኋላ በ1991 አዳኝ ከመተኮሱ በፊት ዒላማውን ለይቶ የማወቅ ግዴታ የሚጥል ሕግ አወጣች፤ የእንስሳውን ራስና አካል ሳይጋረድበት ማየት አለበት። ሕጉ የመለሰው ጥያቄ ይኸው ነው፤ «ለምን እዚያ ቆመች?» ከሚለው በፊት «ምን እንደሆነ ሳያይ ለምን ተኮሰ?» የሚለው ይቀድማል።

ባለ ውሻውን የሚመለከተውም ይህ ነው። ብርቱካናማ ልብስ መልበስ አለበት፤ በዊስኮንሲን በጠመንጃ አጋዘን ወቅት ወፍ የሚያድነውም ከወገቡ በላይ ካለው ልብስ ቢያንስ ግማሹ ደማቅ ብርቱካናማ ወይም ደማቅ ሮዝ እንዲሆን ይገደዳል። አጋዘን ብርቱካናማውን ከአረንጓዴው ለይቶ ስለማያይ ልብሱ የማንንም አደን አያበላሽም። ለውሻውም ብርቱካናማ ሰደርያ ማልበስ ርካሽ ነው። ነገር ግን ልብሱ የባለ ጠመንጃውን ግዴታ አይተካም። ውሻው ሰደርያ ባይኖረውም፣ ሰውየው ኮፍያውን ቢረሳም ጥይቱ ያለ ማጣራት ሊወጣ አይገባም። ባለ ውሻው ጥንቃቄ ሲያጎድል የሰው አደን ያበላሻል፤ ባለ ጠመንጃው ሲያጎድል ነፍስ ይጠፋል። ሁለቱ ግዴታዎች በአንድ ሚዛን አይቀመጡም።

በዚህ ላይ የሚነሣ ተቃውሞ አለ። «ሁልጊዜ ለቃቂው ባለ ውሻው ከሆነ፣ ከጊዜ በኋላ ጫካው በልማድ የአጋዘን አዳኞች ርስት አይሆንም?» ስጋቱ ተገቢ ነው። መልሱ መልቀቁ ልክ ይኑረው የሚል ነው። ባለ ውሻው ሰዓትንና መግቢያን ይለቃል፤ ወቅቱን ግን አይለቅም። ጧት ቦታ የተለቀቀለት ሰው ረፋድ ላይ ቃጭል ሲሰማ ፊቱን ሊያጠቁር አይገባውም። ማማ ሰቅሎ ለሳምንት የሚሄድ ሰውም ባዶ መቀመጫው ቦታ እንደማይጠብቅለት ሊያውቅ ይገባል።

ነገሩ ከሁለቱ ወገኖችም ያልፋል። በእነዚህ ደኖች ውስጥ የሚሄዱት አዳኞች ብቻ አይደሉም። በሚኒሶታ መንትያ ከተሞች የሚኖሩ ብዙ ኢትዮጵያውያን ልጆቻቸውን ይዘው ወደ ግዛቱ ደኖች የሚወጡት ቅጠሉ በሚያምርበት በዚሁ ወቅት ነው። አብዛኛው ሰው የአጋዘን አደን ኖቬምበር መጀመሪያ ላይ እንደሚከፈት ሳያውቅ ጥቁር ወይም ቡናማ ጃኬት ለብሶ ይገባል። ከመውጣት በፊት የአደኑን ቀን ማየትና ለልጆች ደማቅ ብርቱካናማ ኮፍያ መግዛት ብዙ ወጪ የለውም። ሜይን እሑድ እሑድ አደን የከለከለችው ለእንዲህ ዓይነቱ ሰውም ዕረፍት ይሆናል። አዳኞች በ2021 በሕገ መንግሥቱ የገባውን ምግብ የማግኘት መብት ጠቅሰው እገዳውን ተከራክረው ነበር፤ የግዛቲቱ ከፍተኛ ፍርድ ቤት በ2024 እገዳውን አጽንቶታል።

ሁለቱ አዳኞች ሊያስቡበት የሚገባ የመጨረሻ ነገር አለ። በ1937 በወጣው የፒትማን-ሮበርትሰን ሕግ መሠረት በረጅም ጠመንጃና በጥይት ላይ የሚጣለው 11 በመቶ የፌዴራል ቀረጥ ለግዛቶች የዱር እንስሳት ጥበቃ ይሄዳል። ባለ ውሻውም ባለ ማማውም ይህን ገንዘብ እኩል ይከፍላሉ። በ2016 በተደረገው የፌዴራል ጥናት ከ16 ዓመት በላይ የሆኑ አዳኞች 11.5 ሚሊዮን ነበሩ፤ ከ20 አሜሪካዊ አንዱ ገደማ ማለት ነው። ቀሪው 19ኙ ድምፅ ሰጪ ነው፤ አደንን የሚያውቀውም ከሚሰማው ወሬ ነው። በስሕተት የተተኮሰ አንድ ውሻ በዜና ሲወጣ ያ ሰው ቀስተኛውን ከጠመንጃኛው፣ ባለ ቃጭሉን ከባለ ማማው አይለይም። ወጣቱ የአስፐን ደን እንዲኖር ዛፍ መቆረጥ እንዳለበት ለሕዝብ ማስረዳት ሲያስፈልግም አንድ ላይ የሚቆሙት እነዚሁ ሁለቱ ናቸው።

ሳይቃጠል በቅጠል ነው። ጫካው ውስጥ ከመገናኘት በፊት መኪና ማቆሚያው ላይ ለሁለት ደቂቃ መነጋገር ይቻላል። «ወዴት ነህ? እኔ በሰሜን በኩል እስከ ረፋድ እቀመጣለሁ።» «እንግዲያው በደቡብ በኩል ልግባ፤ ስትወጣ ደግሞ እዚያ እሞክራለሁ።» ይህን የሚያዝዝ ሕግ የለም፤ ሊኖርም አይችልም። መንቀሳቀስ የሚችለው ይለፍ፤ መግደል የሚችለው ያጣራ።