ሙግት፦ ተመራቂን ለሥራ የሚያበቃው ፈተና ነው ወይስ ልምምድ?

የፈተናው ተሟጋች፦ መጀመሪያ ትምህርቱን ይቻሉት

በ2015 ዓ.ም. የተመራቂዎች የመውጫ ፈተና በሰፊው ሲጀመር 150,184 ተማሪዎች ተፈተኑ። 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 61,054 ናቸው፤ 40.65 በመቶ። ከመንግሥት ተቋማት 62.37 በመቶ ሲያልፍ ከግሎቹ ያለፈው 17.2 በመቶ ነው። መገናኛ አካባቢ የኮሌጅ ሰሌዳ አይቶ ልጁን ሊያስመዘግብ የሚሄድ ወላጅ ይህን ቁጥር ይዞ ቢሄድ ደግ ነው።

እኛ ግን ተማሪዎቹ ሊመረቁ ወር ሲቀራቸው አዳራሽ ሰብስበን ሲቪ ማሳመርና ከረባት ማሰር እናስተምራለን። የአካውንቲንግ ተመራቂ ሒሳብ መዝጋት ካልቻለ ከረባቱ ምን ይፈይድለታል? ባንክ ውስጥ አጎት የሌለው ልጅ ያለው ውጤቱ ብቻ ነው። ፈተናው የማን ልጅ እንደሆነ አይጠይቀውም።

የልምምዱ ተሟጋች፦ ልጆቹን ደጅ አታስጠኗቸው

ባለፈው ክረምት መሥሪያ ቤታችን ለልምምድ የመጣችውን ልጅ የትኛው መቶኛ ውስጥ ላስገባት? የድጋፍ ደብዳቤዋን ማኅተሙ እንዳይጨማደድ ክላሰር ውስጥ አድርጋ፣ ከሾላ እስከ መገናኛ ያለውን ቢሮ ስታዳርስ ሰንብታለች። ዘበኛው «ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው» ሲላት ደረጃው ላይ ቁጭ ብላ ጠበቀች። ተቀበልናት። ከዚያስ? ፎቶኮፒ ስታነሳ፣ ፋይል ስትደረድር ክረምቱ አለቀ። አለቃችንም የግምገማ ቅጹን ሳያነቡ «እጅግ በጣም ጥሩ» ብለው ፈረሙላት። ይህ ነውር ነው፤ ሌላ ስም የለውም።

ኮተቤ ዩኒቨርሲቲ መምህርነት የሚማሩት እኮ ከመመረቃቸው በፊት ጠመኔ ይዘው ተማሪ ፊት ይቆማሉ። ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. የመጠቀችው የመጀመሪያዋ ሳተላይታችን ስትገነባ ባለሙያዎቻችን ከቻይናውያኑ ጎን ሆነው እየሠሩ ተምረዋል። ለአካውንቲንግ ተማሪዋ ሲሆን ለምን ይከለከላል?

የፈተናው ተሟጋች መልስ

ሳተላይት! እህቴ፣ እዚያ ሥራ ላይ የገቡት ትምህርቱን ይዘው የገቡ ናቸው፤ ፊዚክስ ሰው አጠገብ በመቆም አይገባም። ላላለፉት 89,130 ልጆችስ የልምምድ ወንበር ከየት ይመጣል?

የልምምዱ ተሟጋች መልስ

«ሲቪ ማሳመር» ያልካት ንቀት አልተዋጠችልኝም፣ ወንድሜ። ቤቷ ውስጥ ሲቪ ጽፎ የሚያውቅ ሰው የሌለ ልጅ አለች፤ ለእሷ ያ የአንድ ቀን አዳራሽ ቀልድ አይደለም። ፈተናውን አልፋ ስትመጣም ማስታወቂያው «2 ዓመት የሥራ ልምድ» ብሎ ይጠብቃታል።

የካ ክፍለ ከተማ ውስጥ ያላችሁ የመሥሪያ ቤት ኃላፊዎች፣ ዘንድሮ ደብዳቤ ይዞ የሚመጣውን ተማሪ ከፎቶኮፒው አላቁት። ሥራውን ከሚያውቅ ሰው አጠገብ አስቀምጡት፤ ቅጹንም አንብባችሁ ፈርሙ።