«ማን ላይ ነው ያጠኑት?»

የጎረቤቴ የልጅ ልጅ የደም ካንሰር ሕክምና ከጀመረ ስድስት ወሩ ነው። ባለፈው እሑድ ቡና ላይ አያቱ፣ እማማ እንላቸዋለን፣ ድንገት ጠየቁኝ። «ሐኪሙ ‹አይዞዎት፣ መድኃኒቱ በደንብ የተጠና ነው› አለኝ። ማን ላይ ነው ያጠኑት?»

ቶናው እስኪቀዳ ዝም አልኩ። መልሱ «ልጆች ላይ» ነው፤ ይህን ደግሞ ለአያት በድፍኑ ተናግሮ መነሣት አይቻልም።

በ1947 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) መጨረሻ ሲድኒ ፋርበር የተባለ የቦስተን ሐኪም አሚኖፕተሪን የሚባል መድኃኒት ለደም ካንሰር ሕሙማን ሕፃናት መስጠት ጀመረ። በሽታው ያኔ በሳምንታትና በወራት ውስጥ ይገድል ነበር። ከ16 ልጆች 10ሩ ተሻላቸው። ደስታው ግን አልዘለቀም፤ በሽታው ተመለሰ።

ከዚያ በኋላ ነገሩ ወደ መንግሥት ካዝና ሄደ። በ1955 የአሜሪካ ምክር ቤት ለካንሰር መድኃኒቶች ሙከራ 5 ሚሊዮን ዶላር መደበ። በ1960ዎቹ መጀመሪያ ሜሪላንድ ውስጥ ቤተስዳ በሚገኝ የመንግሥት ሆስፒታል (ዛሬ ብዙ ወገኖቻችን ከሚኖሩበት ከሲልቨር ስፕሪንግ ብዙም አይርቅም) ሐኪሞች አራት መድኃኒቶችን አንድ ላይ ሰጡ። ቪንክሪስቲን፣ ሜቶትሬክሴትና ሜርካፕቶፑሪን ከአራቱ ውስጥ ናቸው። ሦስቱንም ስሞች በልጁ የመድኃኒት ወረቀት ላይ አይቻቸዋለሁ። ቪንክሪስቲን ከማዳጋስካር አበባ የሚወጣ መሆኑን ስነግራቸው እማማ ደስ አላቸው። ከቅጠል ያልተነሣ መድኃኒት ብዙም አያምኑም።

ዛሬ በሀብታም አገሮች በብዛት የሚታየው የሕፃናት የደም ካንሰር ከያዛቸው አሥር ልጆች ዘጠኙ ያህል ይተርፋሉ።

«መድኃኒት አምራቾቹ ለምን ራሳቸው አይከፍሉም?» አለች የልጁ እናት። ደግነቱ ካንሰር የሚይዛቸው ልጆች ከአዋቂዎቹ በእጅጉ ያንሳሉ። ለነጋዴ ግን ጥቂት ሕመምተኛ ማለት ትንሽ ገበያ ነው። ስለዚህ መንግሥት ካልከፈለ ጥናቱ ይቆማል።

አሜሪካም ብትሆን በቀላሉ አትከፍልም። የቨርጂኒያዋ ጋብሬላ ሚለር በ9 ዓመቷ አንጎሏ ውስጥ ዋልነት የተባለውን ፍሬ የሚያህል ዕጢ ተገኘባት። ሐኪሞች የሚያድናት መድኃኒት አልነበራቸውም። ልጅቱ ዋልነት እያስመጣች በመጥበሻ ትጨፈልቀው ነበር። ፖለቲከኞች ማውራት ትተው እንዲሠሩ በአደባባይ ስትጠይቅ ቆይታ በኦክቶበር 2013 በ10 ዓመቷ ሞተች። በስሟ የተሰየመው ሕግ በኤፕሪል 2014 ተፈረመ። ለፓርቲዎች ጉባኤ ይውል የነበረው የሕዝብ ገንዘብ በዓመት 12.6 ሚሊዮን ዶላር እየሆነ ለ10 ዓመት ወደ ሕፃናት በሽታ ጥናት እንዲዞር ታዘዘ። ለዚያ አገር ይህ ከኪስ የሚወድቅ ሳንቲም ነው፤ እሱን ለማግኘት ልጅ መሞት ነበረባት? ሕጉን ለማደስም በ2024 መጨረሻ ሌላ ትግል ጠየቀ።

ወደ እኛ ስንመጣ ጥያቄው ይለያል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በሀብታም አገሮች ካንሰር ከያዛቸው ልጆች ከ80 በመቶ በላይ ሲድኑ በብዙ ድሃ አገሮች ግን 30 በመቶ እንኳ አይሞሉም። ብዙዎቹ መድኃኒቶች ታውቀዋል። ልጆቻችንን የሚገድላቸው በሽታው ዘግይቶ መታወቁ፣ መድኃኒት መጥፋቱ፣ ሕክምናው መሐል ላይ መቋረጡ ነው። ከገጠር የመጣች እናት በሦስተኛው ወር ለምን ወደ ቤቷ ተመለሰች? የማደሪያ ነው? የትራንስፖርት ነው? ወይስ ፀጉሩ ሲረግፍ «ባሰበት» ብላ ፈርታ? ይህንንም ማጥናት ገንዘብ ይፈልጋል፤ ቦስተን ውስጥ ደግሞ ማንም አያጠናልንም። የጤና በጀታችን ሲደለደል ለዚህ ስንት ተያዘ ብለን እንደ ወላጅ ልንጠይቅ ይገባናል።

ለካ እማማ የጠየቁኝ በምክንያት ነበር። የልጁን መዝገብ ለጥናት ለመጠቀም ፈቃድ የሚጠይቅ ወረቀት ተሰጥቷቸው ኖሯል። «መሞከሪያ ሊያደርጉት ነው» ብለው ደብቀውታል። አብረን አነበብነው። አዲስ መድኃኒት የለበትም፤ ከካርዱ ላይ መረጃ መውሰድ ብቻ ነው። ባይፈርሙም ሕክምናው እንደማይቋረጥ ተጽፎበታል። እናንተም እንዲህ ዓይነት ወረቀት ከቀረበላችሁ እነዚህን ሁለት ነገሮች ሳትጠይቁ አትፈርሙ።

«ታዲያ ለዚህ ልጅ ምን ይጠቅመዋል?» አሉኝ።

«ለእሱ ምናልባት ምንም። ከእሱ በኋላ ለሚመጣው ነው።»

እማማ ወረቀቱን አጥፈው ከቀጠሮ ካርዱ ጋር አስቀመጡት። ቀጠሯቸው ማክሰኞ ነው።