ስለ ቮልስ ጥለት

አዲስ አበባ ኖሮ ቮልስን የማያውቅ የለም። የሜክሲኮው የፑዌብላ ፋብሪካ እ.ኤ.አ. በ2003 የመጨረሻዋን ካወጣ ወዲህ ጥንታዊቷ ቮልስ ከየትም አልተሠራችም። እኔን የሚያንገበግበኝ የጌጧ ነገር ነው፤ በፊት ኮፈኗና በጎኖቿ እንደ ነጠላ ጥለት የተዘረጋው ቀጭን መስመር።

ጥለቱ ሲጫጫር ብዙ ጋራዦች ብርማ ቀለም ይነፉበታል። ይህ መሸፈን እንጂ ማደስ አይደለም፤ ውሎ አድሮም ይላጣል። ምትኩ ከውጭ ይመጣል የሚሉም አሉ። ይመጣል፤ የመኪናዋን ዕድሜ ይዞ ግን አይመጣም።

አስቀድሞ ብረቱን መለየት ይገባል። ፓራውልቷና የጎማዋ ኮፓ በክሮም የተለበጠ ብረት ነው። የክሮሙ ውፍረት ከሚሊ ሜትር 1/1000ኛ ስለሚያንስ፣ በብርጭቆ ወረቀት የፈተገው ሰው ከጭረቱ ጋር ክሮሙንም ያጠፋል። ዝገት ከሥሩ ከፈነቀለውማ እንደገና ከማስለበጥ በቀር መላ የለውም። ጥለቱ ግን አሉሚኒየም ነው፤ ላዩን ጠንካራ የኦክሳይድ ሽፋን አለበት። ሽፋኑ በኮስቲክ ሶዳ ሳይነሣ (እጅና ዓይን ይጠበቅ!) ቢወለውሉት ትርፉ ላብ ነው። ከተነሣ በኋላ፣ በውኃ እየራሰ፣ ከ400 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት እስከ 2000 በትዕግሥት ይኬዳል፤ ከዚያ በመወልወያ ቅባት ይታሻል። ግጥም ማረምም እንዲሁ ይመስለኛል፤ በሻካራው ጀምሮ በሻካራው የጨረሰ ከፊተኛው የባሰ ጭረት ትቶ ይሄዳል።

ጥልቁን ጭረት ተዉት እላለሁ። እስኪጠፋ ቢፋቅ ብረቱ ይሳሳል፣ የጠርዙም መስመር ይደበዝዛል። የተወለወለው ደግሞ የቀድሞ ሽፋኑ ስለሌለው በየጊዜው ሰም ይሻል፤ በተለይ ሰኔ ከመግባቱ በፊት።