ስለ መጀመሪያው መልካም ሰንጢ

የመጀመሪያውን መልካም ሰንጢ ለመግዛት ወደ ገበያ የሚወጣ ሰው፣ ዓይኑ አስቀድሞ የሚያርፈው በሚያብረቀርቀው፣ ብዙ ስለትና ብዙ መክፈቻ በተደራረበበት፣ እጀታውም በዝንጉርጉር ቀለም በተለበጠው ላይ ነው፤ እኔ ግን በዚህ ጽሑፍ ለአንባቢ ለማስረዳት የምፈልገው፣ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚገዛ ሰንጢ ከሁሉ አስቀድሞ ባለቤቱ በገዛ እጁ ሊስለው የሚችል መሆን እንደሚገባው፣ ስለ መልኩ፣ ስለ ክብደቱና ስለ ዋጋው የሚደረገው ምርመራ ሁሉ ከዚህ በኋላ የሚመጣ መሆኑን ነው።

በከተሞቻችን ሰንጢ ከዱርዬና ከሌሊት ቀማኛ ጋር አብሮ ሲነሣ ስለ ኖረ፣ ጨዋ ሰው በጠራራ ፀሐይ ከኪሱ አውጥቶ ብርቱካን ሲልጥበት ቢታይ እንኳ በአጠገቡ የተቀመጠው ሰው ፊቱን ማጥቆሩ አይቀርም። ይህን ክፉ ስም ያመጣበት የሰው ግብር እንጂ የመሣሪያው ባሕርይ አይደለም። በአበው ዘንድ ትንሽ ስለት ይዞ መኖር የተናቀ ነገር ቢሆን ኖሮ፣ ቁም ጸሐፊው መቃውን በምን ቀርጾ ብዕር ባደረገው ነበር? ጫፉን አሹሎ በመካከሉ የሚሰነጥቀው፣ በብራናው ላይ የተሳሳተውንም ፊደል በቀስታ ፍቆ የሚያርመው በስለት ነውና፤ ስለቱ የዶለዶመ እንደ ሆነ ብዕሩ ቀለሙን ያፈስሳል፣ ብራናውም ይሻክራል። በየገዳማቱ ዕቃ ቤት ተጠብቆ የምናየው የዳዊትና የስንክሳር መጽሐፍ ውበቱ የተገኘው ከቆዳው፣ ከቀለሙና ከጸሐፊው እጅ ብቻ ሳይሆን፣ ማንም ስሟን ከማያነሣት ከዚያች ትንሽ ስለትም ጭምር ነው። የዛሬው ሰው መቃ ባይቀርጽም፣ የካርቶን ማሸጊያ ይቀድዳል፣ ሲባጎ ይቆርጣል፣ ሸንኮራ ይልጣል፣ ማንጎ ለልጆቹ ይከፋፍላል፤ ይህን ሁሉ በጥርሱ፣ በቁልፉና በጥፍሩ ከሚታገል በአግባቡ የተሳለ ስለት ቢይዝ ለክብሩም ለጤናውም ይሻለዋል።

ስለትን ወደ እጀታው አጥፎ መያዝ የቅርብ ዘመን ጥበብ አይደለም፤ ሮማውያን ያውቁት ነበር፣ በኦስትሪያ ምድር ሐልሽታት በተባለው ስፍራ የተገኘው እጀታው ከአጥንት የተሠራ ታጣፊ ቢላም ከእነርሱ ገናናነት የሚቀድም ነው። ነገር ግን ለመጀመሪያ ገዢ ምሳሌ አድርጌ የማቀርበው ከነገሥታት ዕቃ ቤት የወጣ ሳይሆን፣ ለገበሬና ለእረኛ ተብሎ የተሠራ ነው። በ1890፣ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው)፣ በፈረንሳይ አገር በሳቮዋ ተራሮች ዦዜፍ ኦፒኔል የተባለ የቀጥቃጭ ልጅ፣ አባቱ ለጎረቤት ገበሬዎች መጥረቢያና የእርሻ መሣሪያ በሚቀጠቅጥበት መንደር፣ ርካሽ፣ ቀላልና ጠንካራ የሆነ የኪስ ቢላ ሠራ፤ በ1897ም ከትንሹ እስከ ትልቁ ከ1 እስከ 12 ቁጥር ሰጥቶ በዐሥራ ሁለት መጠን አወጣው። ቁጥር 1 እጅግ አንሳ በየኪሱ የምትጠፋ ሆነች፣ ቁጥር 11ም ከጎረቤቶቿ ከ10 እና ከ12 ብዙም የማትለይ ሆና ተገኘች፤ ሁለቱም በ1930ዎቹ ከሥራ ቀሩ፣ የቀሩት ዐሥሩ ግን እስከ ዛሬ ይሠራሉ። ዦዜፍ በ1909 በስለቱ ላይ እንዲታተም የመረጠው ምልክት ዘውድ የተቀዳጀች፣ ጣቶቿን ለቡራኬ የዘረጋች እጅ ናት፤ ዘውዱ የሳቮዋ መሳፍንት ነው፣ እጂቱ ግን በአቅራቢያው ካለችው ከሴንት ዣን ደ ሞርየን ከተማ ዓርማ የተወሰደች ናት፤ በዚያች ከተማ ካቴድራል የመጥምቁ የቅዱስ ዮሐንስ የጣቱ ዐፅም ይገኛል ተብሎ ከጥንት ጀምሮ ስለሚታመን ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳልናገር ላልፍ አልችልም። በሳቮዋ የቀጥቃጩ ልጅ የአባቱን ሥራ አሻሽሎ ስሙን በብረት ላይ ሲያትም፣ በእኛ አገር ብረት የሚቀጠቅጠው ባለ እጅ ጠይብ ተብሎ ይናቅ፣ ቡዳ ተብሎ ይፈራ ነበር፤ ዳግማዊ ምኒልክ ሠራተኛን በሥራው የሚሰድበውን በአዋጅ እስከ መከልከል የደረሱትም ይህ በደል አገር እንደሚጎዳ በዓይነ ልቡናቸው ስለ ተመለከቱ ነው። ዛሬ ከአሮጌ መኪና ባሌስትራ ካራና ማጭድ የሚያወጡት ቀጥቃጮቻችን በእጃቸው ያለው ብረት መልካም ስለት ለመሆን የሚበቃ ነው፤ የጎደላቸው የብረቱ ጥራት ሳይሆን፣ ሥራቸውን በስማቸው አትሞ በተገቢ ዋጋ እንዲሸጡ የሚያደርጋቸው ክብር ነው ብዬ አምናለሁ።

ወደ ነገራችን እንመለስና፣ ኦፒኔል ቁጥር 8ን በእጅ ይዞ የሚመረምር ሰው የሚያገኘው ክፍል እጅግ ጥቂት ነው፤ 8 ሳንቲ ሜትር ተኩል የሆነ ስስ ስለት፣ ከቢች እንጨት የተጠረበ ክብ እጀታ፣ ሁለቱን የሚያያይዝ አንድ ምስማርና በአንገቱ ላይ የተጠመጠሙ ሁለት የብረት ቀለበቶች ብቻ ናቸው። የሚዞረው ቀለበት በቀድሞው ሥራ አልነበረም፤ በ1955 ማርሴል ኦፒኔል ስለቱ ከተከፈተ በኋላ ቀለበቱን በአውራ ጣት ጥቂት በማዞር የሚቆለፍበትን ዘዴ ጨመረበት፤ በዚህም ምክንያት ስለቱ በሥራ መካከል በድንገት ታጥፎ ጣት ላይ የሚመጣበት አደጋ ተወገደ። እንጨቱ ውኃ ሲጠጣ ያብጣል፣ ያን ጊዜም ስለቱ በስንጥቁ ውስጥ ተጣብቆ በጥፍር አልወጣ ይላል፤ የሳቮዋ ሰዎች ግን የእጀታውን ጭራ በገበታ ጠርዝ ላይ መታ በማድረግ የስለቱ ጫፍ ብቅ እንዲል ያደርጋሉ። ይህ የእንጨት ጠባይ እንጂ የሠሪው ጥፋት አይደለም፤ ደርቆ ሲሰነብት ወደ ቀድሞው ይመለሳል፣ ጥቂት ዘይት የጠጣ እጀታም በቀላሉ አያብጥም።

አሁን ከሁሉ ወደሚበልጠው ወደ ብረቱ ልግባ። ተራው ብረት ጠንክሮ ስለት የሚይዘው በውስጡ ካለው ጥቂት ካርቦን የተነሣ ነው። የኦፒኔል ካርቦናማው ስለት ከመቶ አንድ እጅ የማይሞላ ካርቦን ያለበት ሲሆን፣ አግለው በድንገት ሲያቀዘቅዙት እንደ ብርጭቆ ይጠነክራል፣ እንደ ብርጭቆም ተሰባሪ ይሆናል፤ ስለዚህ ዳግመኛ በመጠነኛ ሙቀት ያለዝቡታል። መልካሙን ስለት ከመናኛው የሚለየው አብዛኛውን ጊዜ ይህ የማጠንከርና የማለዘብ ሥርዓት በትክክል መፈጸሙ እንጂ፣ በስለቱ ላይ የተጻፈው የብረቱ ስም አይደለም። ካርቦናማው በፍጥነት ይሳላል፣ ነገር ግን ሎሚና ሽንኩርት ሲነካው ይጠቁራል፣ እርጥብ ሆኖ ካደረም ይዝጋል። የማይዝገው ብረት ወደ ቢላ ሥራ የገባው ሃሪ ብሬርሊ በ1913 በእንግሊዝ አገር በሼፊልድ ከመቶ 13 እጅ ያህል ክሮሚየም የተቀላቀለበትን ብረት ካወጣ በኋላ ነው፤ ይህኛው ለመሳል ጥቂት ትዕግሥት ቢጠይቅም፣ ላብ በሚነካው ኪስ ውስጥ ለሚውል መሣሪያ ይመቻል።

በዘመናችን ደግሞ ቫናዲየም የበዛበት፣ በዱቄት መልክ ተዘጋጅቶ በታላቅ ግፊት የሚጋገር ውድ ብረት መጥቷል፤ ሻጮቹም ለወራት እንደማይዶለዱም እየነገሩ ለጀማሪው ያቀርቡለታል። ለረጅም ጊዜ ስለቱን መያዙ እውነት ነው። ነገር ግን በውስጡ ያሉት ጥቃቅን የቫናዲየም ጠጠሮች ከተለመደው የሞረድ ድንጋይ የሚጠነክሩ ስለ ሆኑ፣ የዶለዶመ ዕለት ባለቤቱ በቤቱ ባለው ሞረድ ቢፈትገው ድካም እንጂ ስለት አያተርፍም፤ የአልማዝ መሳያና የሠለጠነ እጅ ይጠይቃል። ስለዚህ ብዙ ገንዘብ የከፈለበትን ሰንጢ ዶልዱሙን በኪሱ ይዞት ይዞራል። ዶልዱም ስለት ደግሞ ከስሉ ይልቅ አደገኛ ነው፤ በጉልበት ተገፍቶ የሚቆርጥ ሁሉ ሲያመልጥ የሚያርፍበትን አያውቅምና። የብረትን ጥንካሬ በሚለኩበት በሮክዌል መለኪያ ከ55 እስከ 58 ያለው ስለት፣ በየሳምንቱ ጥቂት ደቂቃ ለሚሰጠው ሰው ዘወትር ስል ሆኖ ይኖራል፤ ለመጀመሪያ ሰንጢ ከዚህ በላይ መፈለግ ከጥቅሙ ይልቅ ለዝናው መክፈል ነው።

አሳሳሉም ምሥጢር አይደለም። ሞረዱን በእርጥብ ጨርቅ ላይ እንዳይንሸራተት አስቀምጦ፣ የስለቱን ጀርባ ከድንጋዩ ጥቂት ብቻ ከፍ አድርጎ፣ ይኸውም 20 ዲግሪ በሚያህል ማዕዘን፣ ከሥሩ እስከ ጫፉ በአንድ ወገን በዝግታ መሳብ ነው። ከጥቂት ጊዜ በኋላ በሌላው ወገን ጣትን ከጀርባው ወደ አፉ አቅጣጫ፣ በፍጹም ግን በአፉ ርዝመት ሳይሆን፣ በቀስታ ቢያሳልፉ፣ ስስ የብረት ሽራፊ ወደ ማዶ ተጠማዝዛ ጣትን ስትይዝ ትታወቃለች፤ እርሷ ከሥር እስከ ጫፍ ሳትቋረጥ ከተሰማች ያ ወገን ተስሏል፣ ካልተሰማች ገና ነው። ከዚያ በሌላው ወገን እንዲሁ ማድረግ፣ በመጨረሻም ሁለቱን ወገን እያፈራረቁ እጅግ በቀላል እጅ ድንጋዩን በመንካት ሽራፊዋን ማስወገድ፣ ከተገኘም በቆዳ ቀበቶ ጀርባ ላይ ስለቱን ወደ ኋላ መጎተት ነው። ጋዜጣ በአንድ እጅ አንጠልጥሎ በሌላው ሲቆርጡት ሳይቀድድ የሚያልፍ ስለት ሥራው ተፈጽሟል። ጀማሪ ሁሉ የሚሳሳተው ማዕዘኑን በየምልልሱ በመለዋወጥ ነው፤ ከፍጥነት ይልቅ ጽናት ያስፈልገዋል።

በሱቅ ውስጥ ለሚደረገው ምርመራ ብዙ ቃል አያሻም። ስለቱን ከፍቶ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ገፋ ማድረግ፣ የሚወዛወዝ ከሆነ መተው፤ ዘግቶ ከላይ ሲያዩት ስለቱ በእጀታው ስንጥቅ መካከል ሳይሆን ወደ አንዱ ግድግዳ የተጋደመ ከሆነ መተው፤ የታወቀ ስም የታተመበት ሆኖ ዋጋው እጅግ የረከሰ እንደ ሆነም መጠርጠር ይገባል፣ የሐሰት ማኅተም ያለበት ብዙ ነውና። የስለቱ ርዝመት ከ7 እስከ 9 ሳንቲ ሜትር ቢሆን ለዕለት ሥራ ሁሉ ይበቃል። በ1964 በአሜሪካ የወጣው በክ 110 የተባለው ሰንጢ በጀርባው ቁልፍ ጥንካሬ የተመሰገነና የሚገባውም ሥራ ነው፤ ነገር ግን ክብደቱ 200 ግራም ያህል ስለ ሆነ ከኪስ ይልቅ ቀበቶ ይፈልጋል፣ ቁጥር 8 ኦፒኔል ግን የዚያን ሩብ ያህል ብቻ ይመዝናል።

ቁልፍ የሌለው፣ በሞላ ብቻ ተይዞ የሚቆም ሰንጢም አለ፤ የዚህ ዓይነቱ ዝነኛ ካርል ኤልዘነር በ1884 በስዊስ አገር በኢባኽ በከፈተው መሥሪያ ቤት የተጀመረውና ዛሬ ቪክቶሪኖክስ የሚባለው ነው። ቢገፉበት ወደ ጣት ሊታጠፍ ስለሚችል በእርሱ መውጋትና መፈልቀቅ አይገባም፤ መቁረጥ ግን ያለ ሥጋት ይቻላል። በውጭ አገር ለሚኖሩት ወገኖቻችን ይህ ልዩነት የሕግ ጉዳይ ነው፤ በእንግሊዝ አገር የ1988ቱ ሕግ በአደባባይ ያለ በቂ ምክንያት እንዲያዝ የሚፈቅደው ስለቱ ከ3 ኢንች፣ ማለት ከ7.62 ሳንቲ ሜትር የማይበልጥ ታጣፊ ሰንጢ ሲሆን፣ የሚቆለፈውን ፍርድ ቤቶች ከዚህ ፈቃድ ውጭ አድርገውታል፤ ስለዚህ በለንደን የሚኖር ሰው ያመሰገንሁትን ኦፒኔል በኪሱ ይዞ መዞር አይገባውም። በአሜሪካ ሕጉ ከክፍለ ግዛት ወደ ክፍለ ግዛት ይለያያል። አውሮፕላን ለሚሳፈርም ማናቸውም ሰንጢ በሚጫነው ሻንጣ ውስጥ እንጂ በእጅ ቦርሳ ውስጥ ስፍራ የለውም፤ በአዲስ አበባም በባንክ፣ በሆቴልና በመንግሥት መሥሪያ ቤት በር ፍተሻ ስላለ፣ ወደዚያ የሚሄድ ሰው ሰንጢውን በቤቱ ትቶ ቢወጣ ጠባቂውንም ራሱንም ከጭቅጭቅ ያድናል።

እንግዲህ ፍርዴ ይህ ነው፤ ሕጉ የሚፈቅድለት ሰው የማይዝገውን ኦፒኔል ቁጥር 8፣ የማይፈቅድለት ደግሞ ጥቂት መሣሪያ ብቻ ያለውን ትንሹን ቪክቶሪኖክስ ይምረጥ። አንባቢዬ ሆይ፣ ከሁለቱ የትኛውንም ቢመርጡ ከዋጋው ላይ ለሞረድ የሚሆን ገንዘብ አስቀድመው ይለዩ፤ ገንዘቡ ለሁለቱ የማይበቃ ከሆነም ርካሹን ሰንጢ ወስደው መልካሙን ሞረድ በዚያው ዕለት ይግዙ።